ታርጋ ቁጥር 211

ውሻ ታርጋ ሲወጣለት አይታችሁ ታውቃላችሁ? የደንቢያ ገበሬ አይቷል። ታርጋውን በየመንደሩ እየዞርሁ ያሰርሁትም እኔ ነኝ።

ያን ጊዜ ሠላሳ አራት ዓመቴ ነበር። ቤቴ አዘዞ፣ ሥራዬ ኮላ ድባ። የእንስሳት ጤና ረዳት ነኝ። ጠዋት በሚኒባስ ወርጄ ማታ እመለሳለሁ። ላም ስታምጥ፣ በሬ ሆዱ ሲነፋ፣ በግ ሲያስለው የሚጠራው ደሳለኝ እኔ ነኝ። ጥሪ አላሳልፍም፤ ጭቃ አልፈራም፤ ገበሬውም ይወደኝ ነበር። አንዲት ክፉ ዐመል ግን ነበረችኝ፤ ወረቀት አልወድም። «መርፌው ከተወጋ የቀረው ቀለም ማባከን ነው» እል ነበር። መዝገብ የምሞላው አለቃዬ ሲቆጣ ብቻ ነው።

በጥር ወር የእብድ ውሻ በሽታ በአካባቢው በዛ ተባለና ለውሻ ክትባት ዘመቻ ወጣን። አሠራሩ ቀላል ነበር። ውሻው ይከተባል። ቁጥር የተመታበት ክብ ቆርቆሮ በናይለን ማሰሪያ አንገቱ ላይ ይታሰራል። ቁጥሩ ከባለቤቱ ስምና ስልክ ጋር መዝገብ ላይ ይሰፍራል። ውሻው ቢጠፋ ባለቤቱ ይገኛል፤ ሰው ቢነክስ መከተብ አለመከተቡ ይታወቃል። ገበሬው ቆርቆሮውን «ታርጋ» አለው። «ታርጋስ ወጣለት፤ ሊብሬው የታል?» እያሉ ይስቁብኝ ነበር። እኔም አብሬ እስቅ ነበር።

የመጨረሻው ቀን ከኮላ ድባ ወጣ ብላ በምትገኝ አንዲት የሜዳ መንደር ዋልሁ። ፀሐዩ አናት ይበሳል። ውሻው ብዙ፣ እኔ ብቻዬን። ከሰዓት በኋላ በክትባቱ ሣጥን ውስጥ የነበረው በረዶ ቀልጦ ውኃ ሆነ። የናይለን ማሰሪያውም አለቀ። ከአንድ አጥር ላይ ቀጭን ሽቦ ለምኜ ቆርቆሮውን በሽቦ ማሰር ጀመርሁ። ስሙን ደግሞ «ኋላ እጽፈዋለሁ» ብዬ ቁጥሩን ብቻ እያሰፈርሁ አለፍሁ። ከ187 እስከ 230 ድረስ አርባ አራት ውሻ እንዲህ ሄደ።

ኋላ የተባለው ጊዜ አልመጣም። መዝገቡ ሰኞ ይፈለጋል ሲባል፣ እሑድ ከሰዓት በኋላ ቤቴ ተቀምጬ አርባ አራት ገበሬ ፈጠርሁ። የአንዱን አጎቴን ስም ከሌላው ጎረቤቴ አባት ስም ጋር እያጋባሁ ጻፍሁ። ስልክ በሚለው ቦታ «የለውም፣ የለውም» እያልሁ ወረድሁ። ማንም አላወቀም። እንዲያውም መዝገቡ ንጹሕ ነው ተብዬ ተመሰገንሁ።

አራት ወር አለፈ። በግንቦት ወር፣ በአንዱ ቅዳሜ፣ ከረፋዱ አራት ሰዓት ገደማ፣ የጓሮውን በር ማጠፊያ ስመታ የስምንት ዓመቷ ልጄ ሶልያና እያለቀሰች ገባች። መዶሻው ከእጄ ወደቀ። የግራ ጉንጯ ከዓይኗ ዝቅ ብሎ ተሰንጥቋል፤ ደም አገጯ ድረስ ወርዷል። የቀኝ እጇ ጀርባም ተበስቷል።

«አባዬ፣ ውሻ ነከሰኝ።»

ባለቤቴ ብርቱካን ከጓዳ ወጥታ ስታያት ጮኸች። እኔ ግን በዚያች ቅጽበት የማውቀውን አደረግሁ። «ሳሙና! ጀሪካኑን አምጪ!» ልጄን በጉልበቴ ይዤ ቁስሉን በሳሙናና በሚፈስ ውኃ አጠብሁት። ሰዓቴን እያየሁ ሩብ ሰዓት ሙሉ። ልጅቷ ትጮኻለች፤ እናቷ «ይበቃታል፣ ገደልሃት!» ትላለች፤ እኔ አላቆምሁም። ያን ቀን በትክክል የሠራሁት ነገር ቢኖር እርሱ ነው።

በባጃጅ ወደ ሆስፒታል ወሰድናት። የተቀበለችን ነርስ በዕድሜ ገፋ ያለች፣ ድምፅዋ የረጋ ሴት ነበረች። የመጀመሪያውን ክትባት ወጋቻት። ከዚያ ወደ ጎን ጠራችን።

«ክትባቱ በሰውነቷ ውስጥ መከላከያ እስኪሠራ ጊዜ ይፈልጋል። ቁስሉ ፊት ላይ ሲሆን ጊዜው ያጥራል። ለዚህ ነው ቁስሉ ዙሪያ የሚወጋ ሌላ መድኃኒት ያለው፤ ሴረም ይባላል። አሁን በእጃችን የለም። እናፈላልጋለን፤ መቼ እንደሚገኝ ግን ልነግራችሁ አልችልም።»

«ታዲያ ምን እናድርግ?» አለች ብርቱካን።

«ለክትባቱ በየቀጠሮዋ ቀን ሳታጓድሉ አምጧት። ውሻውን ደግሞ ፈልጉት። እንዳይገደል! ታስሮ አሥር ቀን ይታይ። እብድ ከሆነ በአሥር ቀን ውስጥ ይታመማል፤ ይሞታል። አሥሩን ቀን ደኅና ከሆነ፣ በነከሳት ሰዓት በምራቁ በሽታው አልነበረም ማለት ነው። የማን ውሻ እንደሆነ ታውቃላችሁ?»

ይህን ጊዜ ሶልያና አልጋው ላይ ሆና በፋሻ መካከል ተናገረች። «ታርጋ ነበረው። የአባዬ ታርጋ።»

ዞር አልን።

«ቡናማ ነው። አንድ ጆሮው ተቀድዷል። አንገቱ ላይ የአባዬን ቆርቆሮ አየሁና ቁጥሩን ላነብ ጎንበስ ብዬ ያዝሁት። ያን ጊዜ ነከሰኝ። ግን አንብቤዋለሁ። ሁለት፣ አንድ፣ አንድ። ሁለት መቶ አሥራ አንድ።»

ብርቱካን ሁለት እጇን ወደ ላይ ዘረጋች። «እሰይ! ተመስገን! ተከትቧል ማለት ነው! ባለቤቱም መዝገብህ ላይ አለ!» ነርሷም ፊቷ ፈካ፤ ካርዱ ላይ «ውሻው የተከተበ» ብላ ጻፈች።

እኔ ቁጥሩን በልቤ ደገምሁት። ሁለት መቶ አሥራ አንድ። የሽቦው ቀን። የቀለጠው በረዶ ቀን።

ቤት እንደገባን ብርቱካን ልጇን አስተኝታ የመዝገቡን ግልባጭ ከመሳቢያ ራሷ አወጣችው። በጣቷ ወርዳ ወርዳ ቁጥሩ ላይ ደረሰች። «ታከለ ገብሬ። ስልክ የለውም ይላል። ታውቀዋለህ አይደል? የት መንደር ነው?»

ዋሽቼ ልወጣ የምችልበት ጊዜ ቢኖር ያ ነበር። አፌ ግን እምቢ አለ።

«ታከለ ገብሬ የሚባል ሰው የለም» አልኋት።

«ሞተ?»

«አልተወለደም። እኔ ነኝ የፈጠርሁት።» ከዚያ ሁሉንም ነገርኋት፤ ስሞቹን፣ ሽቦውን፣ የቀለጠውን በረዶ። ክትባቱ በዚያ ሙቀት ኃይሉን ይጠብቅ አይጠብቅ እኔም አላውቅም።

ብርቱካን አልጮኸችም። ብትጮህ ይሻለኝ ነበር። መዝገቡን ዘጋችና በጉልበቷ ላይ አስቀመጠችው። ከዚያ ቀና አለች።

«የሰው ውሻ ነው ብለህ ነው አይደል? የእኔ ልጅ አይደለችም ብለህ።»

«አዎ» አልሁ።

«ተነሥ። መጀመሪያ ነርሷ ዘንድ ሂድ። ተከትቧል ብላ ጽፋለች፤ አሰርዛት። ከዚያ ውሻውን ፈልግ። ሳታገኘው ዐይንህን ማየት አልፈልግም።»

ሄድሁ። ሁሉንም ለነርሷ ነገርኋት። ብዕሯን አንሥታ የጻፈችውን ሰረዘችና «አይታወቅም» ብላ ከላዩ ጻፈች። «መናገርህ ደግ ነው» አለችኝ። «አሁን ያለን ነገር ውሻው ብቻ ነው።»

ወደ ሰፈር ስመለስ ወሬው ተዳርሶ ነበር። ጡረተኛው ወታደር አያ ጥላሁን አምስት ስድስት ሰው አስከትለው ዱላ ይዘው ውሻውን እየፈለጉ ነው።

«አያ ጥላሁን፣ እባክዎ እንዳትገድሉት። በሕይወት ነው የምፈልገው።»

«ልጅህን የበላ ውሻ ነው እኮ! ነገ የሌላውን ልጅ እስኪነክስ እንጠብቅ?»

«ከሞተ አእምሮው ተመርምሮ ነው የሚታወቀው። ምርመራው ደግሞ ሩቅ ነው። ልጄ ያን ያህል ጊዜ ላይኖራት ይችላል።»

ራሳቸውን ነቀነቁ፤ ግን ዱላቸውን አላስቀመጡም። ውሻው በአስፋልቱ ዳር ወደ ፀዳ አቅጣጫ ሲሄድ ታይቷል አሉኝ። ፀሐይ እስክትጠልቅ ድረስ ከአዘዞ እስከ ፀዳ በእግሬ ሄድሁ። በየሥጋ ቤቱ ጓሮ፣ በየተጀመረው ሕንፃ ሥር፣ በየቦዩ አየሁ። ቡናማ ውሻ ባየሁ ቁጥር ልቤ ይዘላል፤ አንገቱ ባዶ ይሆናል። አንድ የሊስትሮ ዕቃ የያዘ ሰው «ታርጋ ያለው ውሻ?» ብሎ ሳቀብኝ። አልፈረድሁበትም።

ማታ ጎረቤቶች ቤታችንን ሞልተው ጠበቁኝ። አንዷ ልጅቷን ከነገ ጀምሮ ጠበል አስገቧት፣ መርፌው ከጠበል ጋር አይሄድም አለች። ብርቱካን ግራ ገብቷት ወደ ንስሐ አባታችን ደወለች። ስልኩን ከፍ አድርጋው ስለነበር ሁላችንም ሰማን። «ልጄ፣ መድኃኒትንም ሐኪምንም የፈጠረ እርሱ ነው። ክትባቷን አንድ ቀን እንዳታጓድሉባት፤ ይህ የንስሐ አባትሽ ቃል ነው። ጠበሉ የትም አይሄድባችሁም፤ ቁስሏ ሲደርቅ እኔው እመጣለሁ።»

እሑድ ጠዋት አንድ ነገር ታሰበኝ። ውሻው የደንቢያ ውሻ ነው። አዘዞ ድረስ ብቻውን አልመጣም፤ ሰው ተከትሎ ነው የመጣው። እኔ እርሱን ስፈልግ ባለቤቱም እየፈለገው ይሆናል። ስለዚህ የምፈልገው ውሻ ሳይሆን ሰው ነው። በመጀመሪያው ሚኒባስ ወደ ኮላ ድባ፣ ከዚያ በእግሬ ወደዚያች መንደር ሄድሁ።

ስደርስ ቅዳሴ ወጥቶ ሕዝቡ ከቤተ ክርስቲያኑ ደጃፍ ካለው ዋርካ ሥር ተቀምጧል። የደብሩ አለቃ ማስታወቂያ ተናግረው ሲጨርሱ ፈቃድ ለመንኋቸው። ፈቀዱልኝ። ፊቴ የተቀመጠው ሁሉ የሚያውቀኝ ሰው ነው። የዚህን ላም አዋልጃለሁ፤ የዚያን በሬ አድኛለሁ።

«ወገኖቼ፣ በጥር ውሾቻችሁን ስከትብ ታርጋ አስሬላችሁ ነበር። ስማችሁን ግን አልጻፍሁም። ኋላ ከልቤ አንቅቼ የሌለ ሰው ስም ጻፍሁበት። ትናንት ከእናንተ ውሾች አንዱ አዘዞ ላይ ልጄን ነክሷታል። ባለቤቱን የማውቅበት መንገድ የለኝም። ቁጥሩ 211 ነው። ቡናማ ነው፤ አንድ ጆሮው የተቀደደ። ለክስ አይደለም የመጣሁት። ውሻውን በሕይወት ለማግኘት ነው።»

ከፊት የተቀመጡ አንድ ሽማግሌ በመቋሚያቸው ተደግፈው አዩኝ።

«ምነው ልጄ! እኛ ደብተርህን አይተን እኮ ነው ውሾቻችንን ጎትተን የወጣነ። ሌላ ሰው ቢሆን ሸጋ፤ አንተ?»

አንገቴን ደፋሁ። በዚህ መካከል ከሴቶቹ በኩል አንዲት ነጠላዋን ያጣፋች እናት ቆመች። ወይዘሮ የሺ ትባላለች።

«እኔ ቁጥር ማንበብ አላውቅም። ግን የኛ መከታ ጆሮው የተቀደደ ነው። ዓርብ ዕለት ባሌ አያ ሞላ እህቱ ልጇን ስትድር ለሰርጉ ሽምብራ ጭኖ በአይሱዙ ፀዳ ሄደ። ውሻውም ከኋላ ዘሎ ጭነቱ ላይ ወጣና ተከተለው። አዘዞ ሲወርዱ በባጃጅ ጩኸት ደንብሮ ጠፋበት። እኔ ላም ወልዳብኝ ቀረሁ እንጂ አብሬ እሄድ ነበር። ባሌ ትናንት ደውሎ ሰርጉን ትቼ ውሻዬን እየፈለግሁ ነው ብሎኛል።»

ስልኳን ተቀብዬ ደወልሁ። ከብዙ ጥሪ በኋላ ተነሣ። ከጀርባ ከበሮና እልልታ ይሰማል።

«ሃሎ! የሺ ነሽ?»

«አያ ሞላ፣ ደሳለኝ ነኝ፣ የከብት ሐኪሙ። ውሻዎን አገኙት?»

«አዎ ልጄ! ዛሬ ጠዋት ከአስፋልቱ ዳር ተኝቶ አገኘሁት። ከእህቴ ጓሮ አስሬዋለሁ። ግን አንተ ከየት ሰማህ? ሰዎች መጥተውብኛል። ልጅ ነክሷል፣ ይገደል ይላሉ። ዱላ ይዘዋል። ሰርጉ ሊበጠበጥ ነው።»

«እባክዎ አያ ሞላ፣ በመድኃኔዓለም ይዤዎታለሁ፣ አያስነኩት! የተነከሰችው የኔ ልጅ ናት። ውሻው ከሞተ ልጄ አደጋ ላይ ናት።»

ከበሮው ዋጠው። ስልኩ ተቋረጠ። ደግሜ ብደውል አይነሣም።

ወዲያው ብርቱካን ዘንድ ደወልሁ። እርሷ ከፀዳ የሩብ ሰዓት መንገድ ላይ ናት፤ እኔ ገና ሜዳ ላይ ነኝ። «ተገኝቷል! ፀዳ፣ ሰርግ ቤት፣ ድንኳን የተተከለበት ግቢ። ሊገድሉት ነው። ውሻውን ግን እንዳትጠጊው!» ሌላም ልናገር ነበር፤ ስልኩን ዘግታው ሄዳለች።

ያን ሚኒባስ መቼም አልረሳውም። በየፌርማታው ይቆማል፤ ዶሮ ይጫናል፤ ረዳቱ ከአንዲት ሴት ጋር ይጨቃጨቃል። የብርቱካን ስልክ ይጠራል፤ አይነሣም። አንድ ጊዜ ጮክ ብዬ አለቀስሁ መሰለኝ፤ አጠገቤ የተቀመጡት ሽማግሌ «ሐዘን ነው ልጄ?» አሉኝ። «ገና አላወቅሁም» አልኋቸው።

ፀዳ ስደርስ ድንኳኑ ሩቅ ይታያል፤ ከበሮው ግን ቆሟል። እየሮጥሁ በድንኳኑ ጎን አልፌ ወደ ጓሮ ገባሁ።

ብርቱካን ጓሮው በር ላይ ቆማለች። ነጠላዋን ወገቧ ላይ ታጥቃለች። ከኋላዋ ራቅ ብሎ ውሻው ከአንድ ግንድ ጋር ታስሯል፤ ቆሟል፤ በሕይወት አለ። ከፊቷ አያ ጥላሁንና ሰዎቹ አሉ። ዱላዎቹ መሬት ላይ ተጋድመዋል።

ምን እንዳለቻቸው ኋላ ከአያ ሞላ ሰማሁ። ገብታ ሁለት እጇን በሩ ላይ ዘርግታ እንዲህ አለች፦ «የተነከሰችው ልጅ የኔ ናት። ቂም ያለው ሰው ቢኖር እኔ ነኝ። ይህን ውሻ የሚመታ ሰው ልጄን ይመታል። መጀመሪያ እኔን አልፋችሁ ሂዱ።» አያ ጥላሁን ዱላቸውን ራሳቸው ቀድመው ጣሉ አሉ።

ስታየኝ ግን በሩ ሥር ተቀመጠች። «ውኃ ጠጥቷል» አለችኝ። «አያ ሞላ ሰጡት፤ ቆሜ አይቻለሁ፤ ጠጥቷል።» በዚህ በሽታ የተያዘ ውኃ መዋጥ እንደሚያቅተው ሁለታችንም እናውቅ ነበር።

አያ ሞላ ቀጭን፣ ዐይናቸው እንቅልፍ ያጣ ሰው ናቸው። ልጄ እንዴት እንደሆነች ሳይጠይቁ ስለ ውሻቸው አንድ ቃል አልተናገሩም። ከዚያ «አንገቱን እየው እስቲ» አሉኝ። «ከዐቢይ ጾም ወዲህ ሰው ሲነካው ይነጫነጫል። ድሮ እንዲህ አልነበረም።»

ወፍራም ጓንት አድርጌ፣ አያ ሞላ በገመድ አፉን ሸብበው ይዘውልኝ፣ ፀጉሩን ገለጥሁ። ሽቦው አይታይም ነበር። ቆዳውን በልቶ ውስጥ ገብቷል፤ ዙሪያው አብጦ መግል ይዟል። በጥር ያሰርሁት ገና ያላደገ ቡችላ ነበር፤ ውሻው አደገ፤ ሽቦው አላደገም። ቆርቆሮዋ ብቻ ከውጭ ተንጠልጥላለች። 211። ልጄ ያን ቆርቆሮ ስትይዝ ቁስል ነው የጎተተችው።

«ይህን ያሰርኸው አንተ ነህ?» አሉ አያ ሞላ።

«እኔ ነኝ። ለምን አልፈቱለትም?»

«እንዴት ልፍታው ልጄ? የመንግሥት ታርጋ ነው። ብፈታው እጠየቃለሁ ብዬ ፈራሁ።»

የድንኳኑን መብራት ከዘረጋው ሰው ፒንሳ ተውሼ ሽቦውን ቆረጥሁ። ከሥጋው ስስበው ውሻው ተንቀጠቀጠ፤ ከዚያ በረጅሙ ተነፈሰና ተኛ። ቁስሉን አጥቤ መድኃኒት አደረግሁለት። ለምን እንደነከሰ አሁን ምክንያት ነበረኝ። ምክንያት ግን ማስረጃ አይደለም። የሚናገረው አሥር ቀን ነው።

እነዚያ አሥር ቀናት! አያ ሞላ እርሻቸውን ለጎረቤት አደራ ብለው እህታቸው ቤት ቀሩ። እኔ በየጠዋቱ ከሥራ በፊት ፀዳ እሄዳለሁ፤ ውሻው ሲበላ፣ ሲጠጣ፣ ሲቆም አያለሁ፤ ለነርሷ ደውዬ እነግራለሁ። ሴረሙ አልተገኘም። ሶልያና ሁለተኛውን ክትባት ማክሰኞ፣ ሦስተኛውን በሳምንቱ ቅዳሜ ወሰደች። ስትስቅ ደስ ይለኛል፤ ራሴን አመመኝ ስትል ነፍሴ ትወጣለች። ብርቱካን ብርጭቆ ውኃ ባቀረበችላት ቁጥር ሳትተነፍስ ታያታለች።

በአምስተኛው ቀን፣ ሐሙስ ጠዋት፣ አያ ሞላ በር ላይ ጠበቁኝ። ፊታቸው አመድ መስሏል። «ከትናንት ማታ ጀምሮ አልበላም።»

ወደ ጓሮው የሄድሁበትን እርምጃ አላስታውሰውም። ውሻው ግንዱ ሥር ተጋድሟል፤ ዐይኑ ደብዝዟል፤ ከአፉ ምራቅ ይወርዳል። ለብርቱካን ልደውል ስልኬን አወጣሁ፤ መልሼ ከተትሁት። ምን እላታለሁ? አንድ ሰዓት ያህል ከፊቱ ቁጭ አልሁ። በድንገት ተነሥቶ ሆዱን ሳበና አስመለሰው፤ የጣት ያህል ርዝመት ያለው አጥንት። የሰርጉ ቤት ሴቶች አዝነውለት የተረፈውን አጥንት ሁሉ በዋዜማው ከሰዓት በኋላ አራግፈውለት ኖሯል። ወዲያው ውኃውን ግጥም አድርጎ ጠጣና ጅራቱን ወዘወዘ። አያ ሞላ «ሆዳም!» ብለው ሰደቡት፤ እንባቸው ግን ይወርድ ነበር። የኔም እንዲሁ።

በአሥረኛው ቀን፣ ማክሰኞ፣ ነርሷ ራሷ ከሐኪሙ ጋር ተማክራ ነገረችን። ውሻው ደኅና ነው፤ ልጅቷም ደኅና ናት፤ የቀረው ክትባት አያስፈልግም። ብርቱካን የነርሷን እጅ ሳመች። ለአሥር ቀን እህል ጣዕም አልነበረውም። ያን ዕለት ከሆስፒታሉ ፊት ካለች አንዲት ምግብ ቤት ገብተን ሦስታችንም ሽሮ በላን፤ እንደዚያ የጣፈጠኝ ምግብ የለም።

ሶልያና ውሻውን ማየት እፈልጋለሁ አለች። ወሰድናት። የእናቷን ቀሚስ ይዛ ከጓሮው በር አላለፈችም።

«አንገቱ ዳነ?» አለች።

«እየዳነ ነው።»

«እኔም ድኛለሁ በለው።»

አያ ሞላ ለውሻው ነገሩት። በማግሥቱ በአይሱዙ ይዘውት አገራቸው ገቡ።

እኔ ደግሞ ወደ አለቃዬ ቢሮ ሄጄ የመዝገቡን ግልባጭ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥሁ። «ከ187 እስከ 230 ያለው ሁሉ ሐሰት ነው» አልሁት። «ማን ከሰሰህ?» አለኝ። «ማንም» አልሁ። ማስጠንቀቂያ ተጻፈብኝ፤ ይጠበቅ የነበረው ዕድገቴም ቀረ። ይከፋኛል ብዬ ነበር፤ ግን አልከፋኝም። በሳምንቱ አዲስ በረዶ፣ አዲስ ክትባትና የናይለን ማሰሪያ ይዤ ያን መንደር ቤት ለቤት ዞርሁት። በሰባት ውሾች አንገት ላይ ሽቦው ቆዳ ነክሶ አገኘሁ። ሁሉንም ቆረጥሁ። ስም እየጠየቅሁ፣ መልሼ እያነበብሁ፣ ባለቤቱ «አዎ፣ እኔ ነኝ» እስኪል እየጠበቅሁ ጻፍሁ። ከቆርቆሮው ጀርባ የባለቤቱን ስልክ በሚስማር እየመታሁ አሰፈርሁ። ዋርካው ሥር የወቀሱኝ ሽማግሌ ስማቸውን ሲነግሩኝ ከላዬ ቆመው እያንዳንዷን ፊደል ተመለከቱ። እንዲህ ማድረጋቸው ትክክል ነበር።

አንባቢዎቼ፣ በሌላው ዓለም ከውሻ ቆዳ ሥር የሚቀበር፣ ቁጥር የያዘ፣ የሩዝ ፍሬ የሚያህል ነገር እንዳለ አንብቤአለሁ። ውሻው የት እንዳለ በስልክ የሚያሳይ የአንገት ማሰሪያም አለ፤ እኛም ከተማ አስመጥተው ያሰሩ ሰዎች እንዳሉ ይወራል። ጥሩ ነው፤ ይምጣ። ግን የሩዝ ፍሬዋም ብትሆን የምትናገረው ቁጥር ብቻ ነው። ከቁጥሩ ጀርባ እውነተኛ ሰው ካልተጻፈ ውሻውም ሰውም እንደጠፉ ይቀራሉ። እናንተም በየሥራችሁ የምትሞሉት መዝገብ ይኖራል። ማን ያነበዋል ብላችሁ አትለፉት። እኔ እንደዚያ ብዬ ነበር፤ መጀመሪያ ያነበበችው ልጄ ሆነች።

ውሻ ከነከሳችሁ ቁስሉን በሳሙናና በውኃ ሩብ ሰዓት እጠቡ፤ ሳትዘገዩም ወደ ሐኪም ሂዱ። ውሻውን አትግደሉት፤ አሳስሩት። ውሻ ያላችሁ ደግሞ ዛሬ ቤታችሁ ስትገቡ አንድ ነገር አድርጉልኝ። እጃችሁን ወደ አንገቱ ስደዱ። በማሰሪያውና በቆዳው መካከል ሁለት ጣት ካልገባ፣ የማንም ታርጋ ይሁን የማን፣ ማንንም ሳትጠይቁ ፍቱለት።